መጀመሪያ የኔን እይልኝ

ታላቅ ወንድሜ ሲቆጣ አይጮህም። ዝም ይላል። ያ ዝምታ ከጩኸት እንደሚብስ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ባለፈው ቅዳሜ ግራናይት ቋጥኝ ሥር ቆሞ የገዛ ልጁን ዝም ብሎ ሲያያት፣ እኔ ራቅ ብዬ ጫማዬን እያጠለቅኩ ነበር። አንድ እግሬን አጥልቄ ሌላውን ረሳሁት። ምንም አልተፈጠረም፤ ማንም አልወደቀም፣ ማንም አልተጎዳም። ስንመለስም መኪና ውስጥ ማንም አላነሳውም። እኔን ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ።

ቋጥኝ ልንወጣ የሄድነው የተደበላለቀ ቡድን ነበርን። ወንድሜ፣ አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጁ፣ ከወንድሜ ጋር ለዓመታት ገመድ የተያያዘ ጓደኛችን፣ የጓደኛችን ባለቤት፣ እኔ፣ እና ተጣጣፊ ወንበሯን ይዛ «እኔ ለማየት ብቻ ነው» ብላ የመጣች እናታችን። እናታችን በስፖርቱ ላይ ያላት ጥያቄ አንድ ነው፦ «መውረዳችሁ ካልቀረ ምን አስወጣችሁ?» እስካሁን አጥጋቢ መልስ የሰጣት የለም።

ቋጥኝ መውጣትን ለሁላችንም ያስተማረን ወንድሜ ነው። እኔ እስከ ዛሬ ጋሼ ነው የምለው። ቋጠሮ ያሳየኝ እሱ፣ ስፈራ ከታች ሆኖ ያረጋጋኝ እሱ፣ ስሰንፍም የሚያሾፍብኝ እሱ። ይህን የምለው ለምስጋና አይደለም። ቅዳሜ ዕለት የሆነው ነገር ለምን እንደከበደው እንዲገባችሁ ነው።

መያዣ የሌለው ድንጋይ

ግራናይት ላይ ወጥቶ የማያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው በእጁ የሚጨብጠው ነገር ነው። እጁን ሽቅብ ይሰዳል፣ ይዳብሳል፣ ምንም አያገኝም። በተለይ ተዳፋት የሆነው ገጽ ከሩቅ ሲታይ ልሙጥ ነው። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ሌላ ነው። ግራናይት ከመሬት በታች በጥልቀት ቀልጦ የነበረ ድንጋይ እጅግ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ነው። ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ማዕድኖቹ በዓይን እስኪታዩ ድረስ የሚያድጉበት ጊዜ ያገኛሉ። ግራጫው ኳርትዝ ነው፣ ነጩ ወይም ሮዝ የሚለው ፌልድስፓር፣ የሚያብለጨልጨው ጥቁሩ ማይካ። በዚህ ድንጋይ ላይ ሰውን የሚሸከሙት እነዚያ ሻካራ ቅንጣቶች ናቸው። የጫማው ጎማ ይጫናቸዋል፣ እነሱም ይነክሱታል። እጅ ብዙም ሥራ የለውም።

ችግሩ ፍርሃት ነው። ሰው ሲፈራ ድንጋዩን ማቀፍ ይፈልጋል። ደረቱን ያስጠጋል፣ ጉንጩን ይለጥፋል። ሰውነቱ ወደ ድንጋዩ በተጠጋ ቁጥር ግን እግሩ ድንጋዩን የሚጫንበት ኃይል ይቀንሳል፤ ጎማው ይለቅና ቁልቁል ይንሸራተታል። የሚያዋጣው ተቃራኒው ነው። ወገብን ከድንጋዩ አርቆ፣ ክብደትን እግር ላይ ጥሎ መቆም። አእምሮ «ተጣበቅ!» እያለ እየጮኸ ገላን ወደ ባዶው ማራቅ ቀላል አይደለም።

የጓደኛችን ባለቤት ጠዋት ላይ እዚሁ ችግር ውስጥ ገባች። ከመሬት ትንሽ ከፍ እንዳለች ድንጋዩን እቅፍ አድርጋ ቀረች። ጉልበቷ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የወንድሜ ልጅ ከታች ሆና «እትዬ፣ ወገብሽን አርቂው! ተረከዝሽን ዝቅ!» አለቻት። ወገቧን አራቀች። ተረከዟ ዝቅ አለ። የጫማዋ ጫፍ ጥፍር የምታህል ፌልድስፓር ላይ ቁጭ አለ፣ ጉልበቷም መንቀጥቀጡን ተወ። እኔ በበኩሌ ያቺ ልጅ እንዲህ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቤት ውስጥ አንድ ቃል ለማውጣት ሦስት ጊዜ የሚለመን ልጅ ናት።

«እኔን ነው?»

ከዚያ ተራው የወንድሜ ሆነ። ጓደኛችን ቀድሞ ወጥቶ ገመዱን ጫፍ ላይ በተተከሉት ብረቶች አሳልፎ ወርዷል። ስለዚህ ገመዱ ከላይ ነው የሚመጣው። የሚወጣው ሰው አንዱን ጫፍ ሃርነሱ (ወገብና ጭን ላይ የሚታሰረው መታጠቂያ) ላይ ይቋጥራል፤ ከታች ያለው ሰው ደግሞ ሌላውን ወገን በመያዣ መሣሪያ አስገብቶ፣ ወጪው ከፍ ባለ ቁጥር የላላውን ይሰበስባል። ወጪው ቢያመልጠው መሣሪያው ገመዱን ነክሶ ይይዘዋል። ወንድሜ ግዙፍ ሰው ነው። ልጁ ቀጭን ናት። ቢወድቅ ሽቅብ ይዟት እንዳይነሳ ሃርነሷን ከኋላዋ ካለ ትልቅ ድንጋይ ጋር አሰርናት። ቤት ውስጥ በተሠራ የመለማመጃ ግድግዳ ላይ ገመድ መያዝን በአሠልጣኝ ተምራለች፣ ተፈትናም አልፋለች። አባቷን ሜዳ ላይ ስትይዘው ግን የመጀመሪያዋ ነበር።

ወንድሜ ቋጠሮውን ቋጠረ። ሸሚዙ ከላይ ወረደበት። እጁን ላብ የሚያደርቀውን ነጭ ዱቄት ቀብቶ አጨበጨበና ወደ ድንጋዩ ዞረ።

«አባዬ፣ ቋጠሮህን አሳየኝ» አለችው።

ዞር አለ። «እኔን ነው?»

«አዎ።»

ዝምታው የመጣው እዚህ ላይ ነው። ጓደኛችን ጉሮሮውን ጠረገና ገመድ የሚጠቀልል መሰለ። ገመዱ ተጠቅልሎ ያለቀ ነበር። እናታችን ከወንበሯ ቀና ብላ «ምንድነው የፈለገችው ልጅቷ?» አለች። የመለሰላት የለም። እኔ የልጅቷን ፊት አየሁ። ጆሮዋ ቀልቷል። አሁን ወይ «እሺ ይቅር» ትላለች፣ ወይ ክርክር ትጀምራለች ብዬ ጠበቅኩ። ሁለቱም በኛ ቤት የተለመዱ ናቸው።

ሁለቱንም አላደረገችም። ወደ አባቷ ጠጋ ብላ የሃርነሷን ፊት በሁለት እጇ ወደ እሱ ገፋ አደረገች። «እሺ፣ መጀመሪያ የኔን እይልኝ።»

ወንድሜ ጎንበስ አለ። የወገቧን ማሰሪያ ሳብ አድርጎ ሞከረ። ገመዱ በመሣሪያው ውስጥ በትክክለኛው አቅጣጫ መግባቱን አየ። በመጨረሻም ካራቢነሩን በአውራ ጣቱ ተጫነው። ካራቢነር፣ ለማታውቁት፣ የሚከፈት በር ያለው የብረት ቀለበት ነው። ገመድ ያዥ የሚጠቀምበት ዓይነት በሩ ላይ የሚጠመዘዝ ቁልፍ አለው። ተቆልፎ ቢሆን በሩ ባልተነቃነቀ ነበር። ተከፈተ።

ምንም አላለም። በሁለት ጣቱ ቁልፉን አዞረ፣ እስኪጠብቅ ድረስ። እንደገና ተጫነው። በሩ ጸና። ከዚያ ቀና ብሎ ሸሚዙን ገለጠና ቋጠሮውን አሳያት። እሷም በጣቷ እየነካች ቆጠረች። ስምንት ቁጥር ቋጠሮ በትክክል ተመልሶ ሲታሰር ጎን ለጎን የተኙ አምስት ጥንድ የገመድ መስመሮች ይታያሉ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።» የተረፈው ጫፍ በቂ መሆኑን አየች። ገመዱ በሃርነሱ ሁለት ማያያዣዎች በሁለቱም ማለፉን አየች። ምንም ጎዶሎ አልነበረውም። «እሺ፣ ውጣ።»

ወጣ። ቆንጆ አድርጎ ወጣ፣ እንደ ወትሮው።

የማን እጅ ይታመናል?

ሳስበው የነበረው ይህ ነው። ወንድሜን የከፋው ምኑ ነው? ቋጠሮው ትክክል መሆኑን ያውቃል። ማሳየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እሱ ራሱ ለጀማሪዎች «ሳትተያዩ አትውጡ» እያለ የኖረ ሰው ነው። ከጓደኛችን ጋር ሲወጣ ግን ነገሩ በጊዜ ብዛት እያጠረ ሄዷል። ድሮ ማሰሪያውን ይስቡ፣ ቋጠሮውን ይነኩ ነበር አሉ። ቀጥሎ ማየት ብቻ ሆነ። አሁን «እሺ?» «እሺ» ነው፣ እሱም አንዳንዴ በጭንቅላት ንቅንቅ ያልቃል። ስንፍና ነው ብዬ አልፈርድባቸውም። ፍተሻው ወደ መተማመን ተለውጧል፤ መተማመን ደግሞ ደስ ይላል። ስለዚህ አንድ ሰው «አሳየኝ» ሲል «አላመንኩህም» ያለ ይመስላል።

ግን የሚያምኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። በዚህ ስፖርት ውስጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያምነው ፈረስ የራሱ እጅ ነው። ሊን ሂል የምትባለውን አሜሪካዊት የማያውቅ ቋጥኝ ወጪ ጥቂት ነው። በዘመኗ በዓለም ላይ ከነበሩት ምርጦች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1989 ፈረንሳይ ውስጥ ልትወጣ ስትዘጋጅ ገመዱን በሃርነሷ አሳልፋ ቋጠሮውን ሳትጨርስ ትኩረቷ ወደ ሌላ ነገር ሄደ። ጃኬት ከላይ ስለለበሰች ጎዶሎው አልታየም። እስከ ጫፍ ወጣች። ለመውረድ ወደ ኋላ ስትደገፍ ገመዱ ከሃርነሷ ሾልኮ ወጣ። ከ20 ሜትር በላይ ወደቀች። የዛፍ ቅርንጫፎች ስለተቀበሏት በሕይወት ተረፈች፤ ክርኗ ግን ወለቀ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1993፣ ይህችው ሴት ኤል ካፒታን በሚባለው 900 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የካሊፎርኒያ የግራናይት ግድግዳ ላይ፣ «ኖዝ» የተባለውን መስመር በገመድ ሳትጎተት በእጅና በእግሯ ብቻ ወጣች። ከወንድም ከሴትም ከእሷ በፊት ያንን ያደረገ አልነበረም።

ያቺን ሴት ስለ ቋጠሮ የሚያስተምራት ማን ነው? ማንም። ያን ዕለት የጎደላት ችሎታ አልነበረም። አንድ ሌላ ሰው ጃኬቱን ገለጥ አድርጎ ቢያይ ያልቅ ነበር፣ ያም ሰው ትናንት የጀመረ ልጅ ቢሆን እንኳ። እስከ አምስት መቁጠር የሚችል ሁሉ ቋጠሮ ማየት ይችላል። እኔን ያስገረመኝም ይኸው ነው። ማየት የሚችለው ሰው ከሚታየው ሰው የተሻለ መሆን የለበትም። ወንድሜ ግን «አሳየኝ» የሚለውን ሲሰማ ወደ ጆሮው የገባው ፈተና ነው። ፈታኟ ደግሞ ጫማዋን ሲያስርላት የኖረ ልጁ።

ለልጅቷም ሙሉ በሙሉ አላዳላም። አነጋገሯ ትንሽ የአሠልጣኝ ቃና ነበረው። «አሳየኝ» ከማለት «እንተያይ» ብትል ያ ዝምታ ላይመጣ ይችል ነበር። ደግሞ መለስ እልና፣ ገመዱን የምትይዘው እሷ ናት እላለሁ። አባቷ ቢወድቅ የምትሸከመውን ነገር ሳታይ ልትይዝ አይገባም። ቃናዋ ቢያስቀይምም ጥያቄዋ ልክ ነበር። እንዲህ እያልኩ ወዲህና ወዲያ ስል ከረምኩ።

መፍትሔዋ ነው ይበልጥ የያዘኝ። ፍተሻው በመለማመጃ ቦታዎች የሚሰጠው የሁለትዮሽ ሆኖ ነው። እኔ ያንተን አያለሁ፣ አንተ የኔን ታያለህ። ስማር የደህንነት ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ አንድ ዓይን የሳተውን ሌላው ያገኘዋል በሚል። ቅዳሜ ዕለት ሌላም ጥቅም እንዳለው አየሁ። ሁለቱም ከታዩ ፈታኝና ተፈታኝ የሚባል ነገር አይኖርም። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ የልጁን ማሰሪያ ሲስብ እንደገና አባት ሆነ። ከዚያ በኋላ ሸሚዙን መግለጥ አልከበደውም።

አንድ ጥርጣሬ ግን ነበረኝ። ያ ካራቢነር ሳይቆለፍ የቀረው አውቃ ይሆን? አባቷ የሚያገኘው ነገር እንዲኖር? ይህን ካደረገች ዲፕሎማት ናት አልኩ በልቤ። ማታ ገመድ ስናጣጥፍ ለብቻዋ ጠየቅኳት። ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

«ኧረ አክስቴ! ረስቼው ነው። የምሬን።»

እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። ብልህ ልጅ አባቷን በዘዴ ስታለዝብ የሚለው ታሪክ በጭንቅላቴ ውስጥ ተሠርቶ አልቆ ነበር። እያደር ግን የሷ መልስ ይበልጥ ወደድኩት። እይልኝ ያለችው ልማድ ስለሆነ ነው፣ ምንም ጎድሎብኛል ብላ አይደለም። ልማዱ ግን የእውነት ጎዶሎ አገኘ። ያልተቆለፈ ካራቢነር ሁልጊዜ ሰው ይጥላል ማለት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይፈጠር ይታለፋል። ምንም ሳይፈጠር ስለሚታለፍም ነው ሰው የሚለምደው።

እሑድ፣ ስንጥቁ ላይ

በማግሥቱ ወደ ስንጥቁ ሄድን። ግራናይት በላዩ ተጭኖት የነበረው መሬት በዘመናት ተሸርሽሮ ሲነሳለት ሰውነቱን ያፍታታል፤ ይሰነጠቃል፣ በንብርብርም ይላቀቃል። አንዳንዱ ስንጥቅ ቀጥ ብሎ ከሥር እስከ ጫፍ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ደግሞ እግር ብቻውን አይበቃም፣ እጅም ወደ ሥራው ይመለሳል። መዳፍን አጥፎ ስንጥቁ ውስጥ ማስገባት፣ አውራ ጣትን ወደ ውስጥ መጠቅለል፣ ከዚያ እጅን ማሳበጥ። እጅ ይቆለፋል። በትክክል ከተቆለፈ ሙሉ ክብደት ቢንጠለጠልበት አይወጣም። ያማል እንጂ። ትናንት እግራችንን የተሸከሙት ቅንጣቶች ዛሬ የእጃችንን ጀርባ ላጡት። በፕላስተር ብንጠቀልለውም አልዳነም።

ጓደኛችን ቀድሞ የወጣው በስንጥቁ ውስጥ ካም እየሰካ ነው። ካም ምላጩን ሲስቡት ጠበብ ብሎ የሚገባ፣ ሲለቁት ተንሰራፍቶ ግድግዳውን የሚገፋ መሣሪያ ነው፤ ገመዱ ቁልቁል በሳበው መጠን ይበልጥ ወደ ጎን ይገፋል። ሬይ ጃርዲን የተባለ አሜሪካዊ የሠራው ሲሆን ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዚያ በፊት ጎኖቹ ትይዩ የሆኑ ስንጥቆች ትልቅ ራስ ምታት ነበሩ። ጓደኛችን እነዚህን ብረቶች በሃርነሱ ዙሪያ ደርድሮ ሲያቃጭል እናታችን «እንደ ቁልፍ ቤት ሰው» አለችው።

እሑድ ግን ዋናው ነገር እናታችን የያዘችው ሥራ ነበር። መስመሩ 30 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው፤ ገመዳችን ደግሞ 60 ሜትር። ሰው ሲወርድ ገመዱ ሁለት እጥፍ ስለሚሄድ ከዚህ ድንጋይ ላይ የሚተርፈን ትንሽ ነበር። ገመድ አጥሮ ጫፉ በመያዣው ውስጥ ሾልኮ ሲወጣ ወራጁ በነፃ ይወድቃል። በዚህ ስፖርት ከታወቁት አደጋዎች አንዱ ነው። መከላከያው ከታች የቀረው ጫፍ ላይ ወፍራም ቋጠሮ መቋጠር ብቻ ነው። ቋጠሮው መሣሪያው ጋ ሲደርስ አያልፍም። የልጅ ልጇ ይህንን ስታስረዳት እናታችን «ይሄማ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ይሄ ይገባኛል» አለች። ወንበሯን ወደ ገመድ ከረጢቱ አስጠጋች።

ከዚያ በኋላ ጫፉ የሷ ሆነ። ቋጠሮውን ቋጠረች፣ ሳበች፣ ፈትታ እንደገና ቋጠረች። አንድ ሰው ወርዶ ሌላው ሲተካ ጫፉን ከከረጢቱ አውጥታ ታያለች። ስለ ስምንት ቁጥርም ከልጅቷ ጠይቃ አምስቱን ጥንድ መቁጠር ቻለች። ከሰዓት በኋላ ወንድሜና ጓደኛችን በለመዱት «እሺ?» «እሺ» ሊያልፉ ሲሉ «ቆይ እንጂ፣ እኔ አላየሁም» ብላ አስቆመቻቸው። ሁለቱም ፊቷ ቀርበው ሸሚዛቸውን ገለጡ። እናት አሳየኝ ስትል ማን ይኮራል? ልጅቷ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። ወንድሜ አይቷታል። እሱም ሊስቅ ሲል ያዝኩት።

ለሚቀጥለው ጊዜ ወንድሜ ለእናታችን የሚሆን ሃርነስ እያፈላለገ ነው። በዚያ ተዳፋት ገጽ ላይ ጥቂት ሜትር ብቻ፣ እሱ ራሱ ይዟት። ትናንት ደውዬ ስጠይቃት አልቸኮለችም። «እኔ ስወጣ ጫፉን ማን ያየዋል?» አለችኝ። ልጅቷ ታየዋለች አልኳት። «እሷማ ያንን መቆለፊያ ትረሳለች አሉ» አለች። ማን እንደነገራት አልጠየቅኩም።